ምን ቸገረኝ ብዬ ስጣራ

በነሐሴ የመንዝን የጓሳ ሜዳ በእግሩ የሚያቋርጥ ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ ነጋዴ ነው። እኔ ሁለቱንም ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ልዩነቱ ነጋዴው አህያ ያለው መሆኑ ብቻ ነው።

ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ መንገድ ተመላልሻለሁ። ከመሐል ሜዳ ከተማ እነሳለሁ፣ ጓሳን አቋርጣለሁ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ከተቀመጡት መንደሮች ባና እገዛለሁ፤ ከበግ ፀጉር የሚሠራውን ያን ከባድ የብርድ ልብስ። በበጋ አይሱዙ አለ። ክረምት ሲገባ አይሱዙው ጭቃ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ሾፌሩ ካርታ ይጫወታል፣ ነጋዴው በእግሩ ይሄዳል። ዛሬ ጉልበቴ ደረጃ ከሩቅ ሲያይ ገና ያማርራል። ያኔም ማማረር ጀምሮ ነበር፤ ግን ለንግድ የማይጠቅም ወሬ ስለማልሰማ አልሰማሁትም።

የምሄደው ከአራት ውሾች ጋር ነበር። አህያ ይዞ በጓሳ ለሚያልፍ ሰው ጅብ ከኋላው የማይጠፋ ደንበኛ ነው፤ ዋጋ አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ይከተላል። ውሾቹ እሱን ያርቁልኛል። ችግሩ ጓሳ ውሻ አይወድም። ሣሩም አውሬውም በአገሬው ሕግ የሚጠበቅ ነው፤ የኛ ውሾች ለቀይ ቀበሮዎቹ በሽታ ያመጣሉ ተብሎ ውሻ ፈትቶ መግባት ክልክል ነው። ስለዚህ አራቱንም በአንድ ገመድ ቀጣጥዬ ጫፉን ወገቤ ላይ አስራለሁ። ቁልቁለት ላይ እነሱ ይጎትቱኛል፣ ዳገት ላይ እኔ እጎትታቸዋለሁ። ከአምስታችን ማን ማንን እንደሚነዳ አንዳንዴ ይጠፋኝ ነበር።

ስለ ስማቸው ልናገር፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። እኛ አገር የውሻ ስም ለውሻው አይወጣም፤ ለጎረቤት ነው የሚወጣው። ለሰውየው ፊት ለፊት ብትናገረው ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ነገር፣ ውሻህን ስትጠራ በነጻ ይደርሰዋል። የፊተኛው ውሻዬ «ይታያል» ይባላል፣ ሁለተኛው «ቻለው»። ሴቷን ስም ያወጣችላት ባለቤቴ ናት፤ «ማን ሰማሽ» አለቻት። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ቤታችን ውስጥ ከኔ ሌላ ሰው የለም። አራተኛው፣ ትልቁና ኃይለኛው፣ «ምን ቸገረኝ» ነው። እሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

በረዶ ደግሞ ጓሳ ላይ እንደ ከተማ ቆርቆሮውን አንኳኩቶ አያልፍም። ሜዳውን ያለብሰዋል። እስከ ቁርጭምጭሚት ነጭ ይሆናል፣ ከነጩ ሥር ጭቃ፣ ከጭቃው ሥር ውሃ። በቦቲ ጫማ ብቻ የተራመደ ሰው ሰማይ ሰማዩን እያየ ነው የሚደርሰው። መላው እዚያው ሜዳው ላይ አለ፤ ሣሩን ነጭተህ ገመድ ትገምዳለህ፣ ከጫማህ ሥር ሌላ ሣር ታነጥፍና በገመዱ ዙሪያውን ትጠመጥመዋለህ። እግርህ የዶሮ ጎጆ ይመስላል፤ ግን አይሰምጥም፣ አይንሸራተትም። ያለ ፈቃድ ሣር መንካትም ክልክል ነው፤ ጥበቃዎቹ ግን ይህቺን አይተው እንዳላዩ ያልፏታል። እነሱም እግር አላቸው።

የማልረሳው መንገድ አንድ ሽማግሌ ይዤ የመጣሁበት ነው። ባና ከምገዛቸው ሸማኔዎች በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ነበሩ። አንዱ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በሁለተኛው ላይ ሞራ ወጥቶበት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለዩት፤ ሰውን የሚያውቁት በድምፁ ነው፣ የሚሸምኑትም ክሩን በጣታቸው እየዳበሱ። በዚያ ጠዋት ባናዎቼን አህያዋ ላይ ጭኜ ልነሳ ስል ባለቤታቸው የአህያዋን ልጓም ያዙ።

«ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች መሐል ሜዳ ገብተዋል አሉ። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የተመዘገበውን ነገ ሠርተው ከነገ ወዲያ ይሄዳሉ። ዳግመኛ መቼ እንደሚመጡ እግዜር ነው የሚያውቀው። ያቺም ዓይን ከጠፋች እኒህ ሰው አለቀላቸው። ይዘህልኝ ሂድ።»

«እማማ፣ መንገዱ እኮ ክረምት ነው። እኔ ደግሞ ፈጣን ሰው ነኝ።»

«እሳቸውም ይፈጥናሉ።»

«ጭነት አድርገሽ አትጫኚኝ!» አሉ ሽማግሌው ከውስጥ። ሲወጡ ግን ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ኮንጎ ጫማቸውን አጥልቀው ጨርሰዋል።

«አደራ» አሉኝ ሴትዮዋ።

አደራ ዋጋ የማይቆረጥለት ዕቃ ነው። ነጋዴ እንዲህ ያለ ዕቃ አይወድም፤ ግን እጁ ላይ ከተቀመጠ በኋላ መልሶ ያስቀመጠ አላየሁም። ተነሳን። «አይጠግብም» የሚባለው የቤታቸው ውሻ እስከ ጅረቱ ሸኘን። ከሱ ጋር የቆየ ወዳጅነት ነበረን። «ና አይጠግብም! ና የኔ አይጠግብም!» እያልኩ ቁራሽ ወረወርኩለት። ሽማግሌው እንዲህ ስለው ሁልጊዜ ፊታቸውን አዙረው ይስቃሉ። ውሻ ስለሚወዱ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ዳገት። ከዳገቱ በኋላ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ ንፋስ። ሽማግሌው የአህያዋን ጭነት ጠፍር ይዘው ይራመዳሉ፤ አህያዋ በሳቸው ልክ፣ እኔ በአህያዋ ልክ፣ ውሾቹ በኔ ልክ። ሰባት ፍጥረት በአንድ የሰማንያ ዓመት ሰው ርምጃ። ፈጥኖ መሄድ ያደክማል ይላሉ፤ ቀስ ብሎ መሄድን ያልሞከረ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ወገቤን ውሾቹ፣ ትከሻዬን ዝናቡ፣ ሆዴን ረሃቡ ተካፍለው ያዙት።

እኩል ቀን ሲሆን ጉሙ ወረደ። አህያዋን አያታለሁ፣ ጆሮዋን አላየውም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። «አባባ፣ እርስዎ አህያዋን ይዘው ቀስ ብለው ይምጡ፤ እኔ ፊት ፊት ሄጄ መንገዱን ልይ» አልኳቸው። መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ። ኪሴ ውስጥ ግን ቆሎ ነበረኝ። ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የለም። እሳቸው ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሱም። እኔ ደግሞ እግዜርን ሳላፍር እሳቸውን አፍሬ፣ ለመግደፍ ጉም ውስጥ ገባሁ።

አንድ ጅብራ ሥር ተጠግቼ ቆምኩ። ጅብራ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ተክል ነው፤ ጸጥ ብሎ የሚገተርን ሰው በሱ የምንሰድበው ያለ ነገር አይደለም። ሦስተኛውን እፍኝ እያኘክሁ ሳለ ነጎድጓዱ እራሴ ላይ የፈነዳ ያህል ጮኸ። አራቱም ውሾች ባንዴ ዘለሉ፤ ገመዱ ጧ ብሎ ተበጠሰ፤ ምን ቸገረኝ የገመዱን ቁራጭ እየጎተተ ጉሙ ውስጥ ጠፋ። ከዚያ በረዶው ወረደ።

ፈትቶ መልቀቅ የተከለከለ ውሻ፣ ጥበቃ ባለበት ሜዳ! እጄን አፌ ላይ አድርጌ መጣራት ጀመርኩ።

«ምን ቸገረኝ! ምን ቸገረኝ!»

በበረዶው ጩኸት መሐል አንድ ቀጭን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ከሩቅ ከብት የሚመልስ ሰው ይሆናል ብዬ ተውኩት። እንደገና ተሰማ፤ እኔም እንደገና ጮህኩ፣ «ምን ቸገረኝ!» ሦስተኛም ተሰማ። ሦስተኛም ጮህኩ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ቀረ።

ትንሽ ቆይቶ አህያዋ ከጉሙ ወጣች። ጭነቷ ላይ በረዶ ተከምሯል። ጠፍሩ መሬት ይጎተታል። የያዘው ሰው የለም።

እጄ ላይ የቀረውን ቆሎ ጣልኩ። «አባባ!» ብዬ ጮህኩ። ዝም። «አባባ!» ዝም። ያ ሰው ዓይን የለው፤ ያለው ጆሮ ነው። ጆሮው እያለ ለምን አይመልስልኝም?

ጎንበስ ብዬ ሣር ነጨሁ። ጣቶቼ ደንዝዘው ገመዱ እንቢ ይላል። ሁለት ጊዜ ተፈታብኝ። በስተመጨረሻ እግሬን የዶሮ ጎጆ አስመስዬ፣ ሦስቱን ውሾች አስቀድሜ፣ አህያዋን ከኋላ እየሳብኩ አህያዋ በመጣችበት ተመለስኩ። ኮቴዋን በረዶው ደፍኖታል። ነጩ ሜዳ ከነጩ ጉም ጋር ገጥሞ፣ የምረግጠው መሬት ይሁን ሰማይ አይታወቅም። በእያንዳንዱ ርምጃ እግሬን ከፍ አድርጌ አነሳለሁ፣ ከፍ አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ መቶ ርምጃ እንዲህ ስትሄድ ታፋህ የሌላ ሰው ይሆናል። ውሾቹ በየጣታቸው መሐል በረዶ እየተጋገረ ቆም እያሉ ይልሳሉ። ሦስት ጅብራ «አባባ!» ብዬ አቅፌአለሁ። አራተኛውን ሳልፈው ማን ሰማሽ ገመዱን ወደ ግራ ጎተተች። ጠዋት ሴትዮዋ እጃቸውን በሽማግሌው ጋቢ እየጠረጉ ያበሏት ቂጣ ሸቷት ይሁን ሌላ፣ አላውቅም። ተከተልኳት።

ድንጋይ ተጠግተው፣ ጀርባቸውን አቅንተው፣ ዘንጉን ጉልበታቸው መሐል አድርገው ተቀምጠዋል። ትከሻቸው ላይ ያለው በረዶ አልተራገፈም።

«አባባ! እግዚአብሔር ይመስገን! ምነው ድምፅዎን አጠፉ?»

በረዶውን ከትከሻቸው አራገፍኩላቸው።

«አባባ፣ ይነሱ እንጂ። እየመሸብን ነው።»

«ማነህ?»

«እኔ ነኛ!»

«ሦስት ጊዜ ተጣራሁ» አሉ። ከንፈራቸው እየተንቀጠቀጠ ድምፃቸው ግን ደረቅ ነው። «ሦስት ጊዜም መለስክልኝ። ሰምቻለሁ። አፌን አታስከፍተኝ፣ ጾም ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ፊት ለፊታቸው በረዶው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ኧረ አባባ፣ ውሻዬን ነው የጠራሁት! የውሻዬ ስም ነው! ምን ቸገረኝ ነው የሚባለው!»

«ውሻ።»

«አዎ! ገመድ በጥሶ ጠፍቶብኝ ነው።»

«እስቲ ጥራው።»

ተነስቼ በሙሉ ሳንባዬ ጠራሁት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ሦስቱ ውሾች ጆሯቸውን አቁመው አዩኝ። ከጉሙ ውስጥ ምንም አልመጣም።

«ስሙን አክባሪ ውሻ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«አባባ፣ በማርያም...»

«በማርያም ጾም እሷን አትጥራ። አንተ ገበያህ እንዳይፈታ ሂድ። እኔ ጉሙ ሲገለጥ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።»

«በየትኛው ዓይንዎ?»

ከአፌ አመለጠችኝ። እሳቸውም ዘንጋቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ሰዓቱን አየሁ፣ ስልኬ ስምንት ሰዓት ይላል። ኔትወርክ እዚያ ኖሮ አያውቅም። ተሸክሜ እንዳልወስዳቸው ወገቤ አይችልም፤ ችሎም ቢሆን የመንዝ ሽማግሌ በግድ አይጫንም። ትቻቸው እንዳልሄድ አደራ ነው። ሐኪሞቹ ነገ ሠርተው ከነገ ወዲያ ይሄዳሉ። ከሰው ጋር ስነጋገር ሁልጊዜ የምለው ነገር አላጣም፤ ያን ቀን ከእውነት በቀር የቀረኝ ነገር አልነበረም፤ እሱንም ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

«ስሙን ለምን እንዳወጣሁት ልንገርዎ» አልኩ። «ከኔ ሱቅ አጠገብ ሌላ ባና ሻጭ ከፈተ። አንድ ክረምት በረዶ ቆርቆሮውን በሳበትና ዕቃው ራሰ። መጥቶ፣ ለአንድ ቀን መጋዘንህ ላስጠጋ አለኝ። መጋዘኔ ባዶ ነበር። ሞልቷል አልኩት። ያን ሳምንት ነው ቡችላውን ያገኘሁት። ስም አወጣሁለትና ጠዋት ጠዋት በሰውየው ደጅ ቆሜ ስጠራው ከረምኩ።»

«ሰውየውስ?»

«እስከ ዛሬ እንዴት አደርክ ይለኛል።»

በረዶው ቀርቶ ቀዝቃዛ ዝናብ ሆኖ ነበር። ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉና እንዲህ አሉኝ፦

«የኛን ቤት ውሻ ማን ትለዋለህ?»

«አይጠግብም ነዋ።»

«ለማን የወጣ ይመስልሃል?»

«ለጎረቤት ይሆናላ።»

«እኔ ከገደሉ በቀር ጎረቤት አለኝ? ደጄን የሚረግጥ ነጋዴ አንተ አንድ ነህ። ስምንት ዓመት ሙሉ የራስህን ስም እየጠራህ ዳቦ አበላኸው። ባለቤቴ ጓዳ ገብታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ነው የምትስቀው።»

በዚያ ብርድ ጆሮዬ ሞቀኝ። እሳቸው መጀመሪያ ትከሻቸው፣ ከዚያ ጢማቸው፣ ከዚያ መላ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ብርዱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር። እጃቸውን ወደ ድምፄ ዘረጉ።

«አንሳኝ» አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር ፈጥሮ የሚዋሽ ሰው የለም። እውነት ካልሆነ በቀር ራሱን እንዲህ አያዋርድም።»

ከጭነቱ አንድ ደረቅ ባና መዝዤ አለበስኳቸው። ኮንጎ ጫማቸውን በሣር ጠቀለልኩት። በጠፋው ውሻ ቦታ ገመዱን እሳቸው እንዲይዙ ሰጠኋቸው።

«እኔን ደግሞ ማን ልትለኝ ነው?»

«አባባ ብቻ።»

«እሱ ይሻላል። ደግሞ አፍህ ቆሎ ቆሎ ይላል።»

አፌን በክንዴ ጠረግኩ።

«የሱን ከእግዜር ጋር ተነጋገር። ንዳኝ!»

የቀረውን መንገድ እንዴት እንደሄድነው ከዚህ በላይ በዝርዝር አላስታውስም፤ ድካም ሲበዛ ማስታወስም ይደክማል። ሣሩ ሲበጣጠስ እንደገና ማሰሬን አስታውሳለሁ። አንድ ወንዝ ላይ ውሃው ሞልቶ፣ እሳቸውን አህያዋ ላይ ለማውጣት ባናዎቹን ሁለት ጊዜ ተመላልሼ በትከሻዬ ማሻገሬን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሶ በጥብጬ ብሰጣቸው መጀመሪያ አማትበው፣ ከዚያ ግማሹን ለውሾቹ ማስቀመጣቸውን። በየመሐሉ «ስንት ሰዓት ነው?» ይሉኛል፤ እኔም በየመሐሉ ሩብ ሰዓት እየቀነስኩ እነግራቸዋለሁ። ዋጋ መጨመር እንጂ መቀነስ ያልለመደ አፍ ነው ያለኝ፤ ያን ቀን ግን እንደ ምንም ቀነሰ።

ሐኪም ቤቱ ግቢ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። መዝጋቢዋ ልጅ ደብተሯን ዘግታ ብብቷ ሥር አድርጋለች።

«ተዘግቷል አባባ» አለች።

የምደራደርበትን ቃል እየፈለግኩ አፌን ከፈትኩ። የወጣው የጥርሴ መንቀጫቀጭ ብቻ ነው። ልጅቷ ወደ እግራችን አየች። ሁለት ጥንድ የዶሮ ጎጆ፣ ከሥሩ ጭቃ ውሃ እየፈሰሰ ደረጃዋን አበላሽቷል። ከዚያ ሦስቱን ውሾች፣ ገመዱን፣ ገመዱን የያዙትን ሽማግሌ አየች። ደብተሯን ገለጠች።

ስማቸውን ጻፈች፣ ዕድሜያቸውን ጠየቀች፤ ሰማንያ ብለው ትንሽ አሰቡና «ጥቂት ቀንሺለት» አሉ። ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ምናቸው ነህ?»

«ነጋዴያቸው ነኝ።»

«ሥራህን አልጠየቅኩህም! ነገ ማን ይረከባቸዋል ነው ያልኩት።»

«እኔ» አልኩ።

ሽማግሌው እኔ ቤት አደሩ። ባለቤቴ እግራቸውን በሙቅ ውሃ አጠበች፤ የኔን ያጠበልኝ የለም፣ ቅሬታም የለኝ። የጠፋው ውሻ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ የት እንደነበረ አልነገረኝም፣ እኔም ጠርቼ አልጠየቅኩትም።

ዓይናቸው በማግስቱ ተሠራ። የታሸገበት ጨርቅ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ባለው ጠዋት ስለነበር፣ ጠዋት ከሌሎቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሐኪሙ በተራ እየመጣ ጨርቁን ይፈታል። አንዷ አሮጊት የልጇን ፊት ይዛ አለቀሰች። ሌላው ሰውዬ በመስኮቱ ወጥቶ የሚሄድ ይመስል አንገቱን አስግጎ ባሕር ዛፍ ያያል። የኛው ተራ ሲደርስ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ስምንት ዓመት በድምፄ ብቻ የሚያውቁኝ ሰው ፊቴን አይተው ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ፣ አልዋሽም፣ ኮፍያዬን አውልቄ ፀጉሬን ዳበስ አድርጌአለሁ።

ጨርቁ ተነሳ። ዓይናቸው ብርሃኑን ሸሽቶ ጠበበ፣ እንባ ሞላበት፣ ተከፈተ። እኔን አላዩኝም። አንገታቸውን ደፍተው ጉልበታቸው ላይ ያሉትን እጆቻቸውን ያዩ ነበር። መዳፋቸውን አዩ። ገለበጡት፤ ጀርባውን አዩ፤ የቆዳውን መጨማደድ፣ ቆልመም ያሉትን ጣቶች አንድ በአንድ። እነዚያ ጣቶች ያን ሁሉ ዘመን በጨለማ ክር ሲለዩ ኖረዋል፤ እሳቸው ግን በነዚያ ዓመታት አንዴም አላዩዋቸውም።

«እንዲህ አርጅቻለሁ እንዴ?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «የነገረኝ ሰው የለም።»

አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ቦታ ነበረ፤ ኮፍያዬን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ።